ስለ ተሸነፍን አሠልጣኙ ይሻርን?

በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ስለ እግር ኳስ መጻፍ ለአንዳንዱ አንባቢ ወረቀት ማባከን ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን በእረፍት ሰዓት ከክፍሉ ጀርባ፣ በገበያ ቀን በየሻይ ቤቱ፣ ማታም በየምድጃው ዳር ስለ ምን እንደምንከራከር ሁላችንም እናውቃለን። ስለ ኳስ ነው። ከኳስም ነገር ሁሉ ይልቅ የሚያጣላን አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ቡድን በተሸነፈ ጊዜ አሠልጣኙ ይለወጥ ወይስ ይቆይ የሚለው ነው። በበኩሌ አሳቤን ከወዲሁ ልናገር። አሠልጣኝ ሥራውን ባልሠራ ጊዜ ይሻር፤ በመሸነፉ ብቻ ግን አይሻር። ሁለቱ ነገሮች አንድ አይደሉም፤ እኛ ግን አንድ እያደረግናቸው ብዙ ዓመት ቆይተናል።

ለዚህ ክርክር ከአቶ ሰውነት ቢሻው ታሪክ የበለጠ ምሳሌ ይገኛል ብዬ አላምንም። ነገሩ በተፈጸመ ጊዜ እኔና የክፍል ጓደኞቼ ገና ፊደል በመቁጠር ላይ ስለ ነበርን የምናውቀው ታላላቆቻችን ደጋግመው ካወሩልንና በኋላም ራሳችን ፈልገን ካነበብነው ነው። አቶ ሰውነት ቀደም ሲል በ1998 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችንን መርተው የምሥራቅና የመካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ ያመጡ ሰው ናቸው። በ2004 ዓ.ም. ዳግመኛ ሲጠሩ ግን የተረከቡት ቡድን ከአፍሪካ ዋንጫ ከራቀ ሠላሳ ዓመት የሆነው ነበር። የመጨረሻው ተሳትፎአችን በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ላይ ነበርና፣ በዚያ ዓመት የተወለደ ልጅ አድጎ፣ አግብቶ፣ ልጅ ወልዶ ነበር ማለት ነው።

ወደ 2005ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ለመግባት የመጨረሻው ደጃፍ ሱዳን ነበረች። በመጀመሪያው ጨዋታ ሱዳን ሄደን 5 ለ 3 ተሸነፍን። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ግን አዲስ አበባ ላይ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ ባገቡአቸው ግቦች 2 ለ 0 አሸነፍን። ጠቅላላ ውጤቱ 5 ለ 5 ሆነና በሰው ሜዳ ባገባናቸው ሦስት ግቦች አለፍን። እዚህ ላይ አንባቢዬ አንድ ነገር ያስተውልልኝ። ከመጀመሪያው ጨዋታ በኋላ አምስት ግብ የተቆጠረበት አሠልጣኝ ምን ይሠራልናል ተብሎ አቶ ሰውነት ያን ጊዜ ተነሥተው ቢሆን ኖሮ፣ ያን ሁሉ ሕዝብ በየጎዳናው ያስጨፈረው ቀን ከየት ይመጣ ነበር? ያን ዕለት ያዳነን የሁለት ጨዋታ ሕግ ነው። ሽንፈቱ በግማሽ መንገድ ላይ ስለ ነበር ለመፍረድ አልቸኰልንም።

በደቡብ አፍሪካው ውድድር ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ከዛምቢያ ጋር ገጠምን። ዛምቢያ የዚያ ጊዜ የአፍሪካ ሻምፒዮን ነበረች። ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፣ በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፣ ግብም ተቆጠረብን፤ ይሁንና በአሥር ሰው ተጫውተን በአዳነ ግርማ ግብ 1 ለ 1 ወጣን። በዚያ ዕለት አቶ ሰውነትን ያልመረቀ ሰው አልነበረም አሉ። ከአራት ቀን በኋላ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0 ስንረታ ግን ምርቃቱ ወደ ስድብ ተለወጠ። ሰውየው ያው ሰው፣ ቡድኑም ያው ቡድን ነው። በሦስተኛው ጨዋታ ከናይጄሪያ ጋር እስከ 80ኛው ደቂቃ ድረስ ያለ ግብ ቆይተን በሁለት ፍጹም ቅጣት ምት 2 ለ 0 ተሸነፍንና ከምድባችን ተሰናበትን። ያቺው ናይጄሪያ ቡርኪና ፋሶን በፍጻሜው አሸንፋ ዋንጫውን ወሰደች። እንግዲህ ከምድባችን ካሸነፉን ከሁለቱ ቡድኖች አንዱ አንደኛ፣ ሌላው ሁለተኛ ሆነው ጨረሱ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው የብራዚሉ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ነው። ሰኔ 9 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈን የምድቡ ነገር አበቃ ብለን ስንደሰት፣ አንድ የማይረሳ መርዶ መጣ። ሰኔ 1 ቀን ከቦትስዋና ጋር በተደረገው ጨዋታ ሁለት ቢጫ ካርድ ያለበት ምንያህል ተሾመ መሰለፉ ተረጋገጠና ያገኘነው ሦስት ነጥብ ተቀነሰብን። ፌዴሬሽኑም ስሕተቱን አመነ። ቡድኑ ግን ጳጉሜን 2 ቀን በሰው አገር ሜዳ ማዕከላዊ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፎ፣ በጽሕፈት የጠፋውን ነጥብ በእግሩ መለሰ። በዚህም ከአፍሪካ ከቀሩት አሥር ቡድኖች አንዱ ሆንን። ከአሥሩ አምስቱ ወደ ብራዚል ይሄዳሉ። ኢትዮጵያ ከዚያ በፊት ወደ ዓለም ዋንጫ ያን ያህል ቀርባ አታውቅም።

ዕጣው ደግሞ ናይጄሪያን ሰጠን። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከእረፍት በኋላ በኃይሉ አሰፋ ባገባው ግብ መራን። ኢማኑኤል ኢሜኒኬ አቻ አደረገ፤ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ደግሞ ፍጹም ቅጣት ምት ተሰጠና እርሱው አገባው፤ 2 ለ 1። በመልሱ ጨዋታ ኅዳር 7 ቀን በካላባር ከተማ 2 ለ 0 ተሸነፍን። የዓለም ዋንጫ ተስፋችን በዚያ ተዘጋ።

እርግጥ ነው፣ አቶ ሰውነት የተሰናበቱት በካላባር ማግሥት አይደለም። በጥር ወር በአገር ውስጥ ክለቦች የሚጫወቱ ብቻ የሚሰለፉበት የአፍሪካ ሻምፒዮና በደቡብ አፍሪካ ተደረገ፤ ቡድናችንም በሊቢያ፣ በኮንጎና በጋና ተራ በተራ ተሸንፎ፣ አንድ ግብ እንኳ ሳያገባ ተመለሰ። ከዚህ በኋላ ፌዴሬሽኑ አሰናበታቸው።

«ታዲያ ምን ይደረግ? ሦስት ጨዋታ ተጫውቶ ግብ ያላገባ ቡድን አሠልጣኝ ይሸለም?» የሚለኝ ጓደኛ አለኝ። የዚህ ጓደኛዬ ክርክር ቀላል ስላልሆነ በደንብ ላቅርብለት። አንደኛ፣ በቡርኪና ፋሶው ጨዋታ የተጋጣሚያችን በረኛ በቀይ ካርድ ወጥቶ በአሥር ሰው ሲጫወቱ፣ እኛ በአሥራ አንድ ሆነን ሦስት ተጨማሪ ግብ ተቆጥሮብናል፤ ይህ የአሠላለፍና የአእምሮ ዝግጅት ጉድለት ነው፤ እርሱም የአሠልጣኝ ሥራ ነው ይላል። ልክ ነው። ሁለተኛም፣ በአገር ውስጥ ተጫዋቾች ብቻ ተወዳድረን ባዶ እጃችንን መመለሳችን ሳላዲንን ከመሰሉ ጥቂት አጥቂዎች በስተቀር ተተኪ እንዳልተዘጋጀ ያሳያል ይላል። ይኸም ልክ ነው። እኔም አቶ ሰውነት ፍጹም ነበሩ አልልም። የምለው እነዚህ ጥያቄዎች በወጉ ተጠይቀው፣ መልሳቸውም ተመዝኖ ነውን ፍርዱ የተሰጠ? ነው። አንድ አሠልጣኝ ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ የሠላሳ አንድ ዓመት ናፍቆት መልሶ፣ አገሩን ከአሥሩ የመጨረሻ ቡድኖች አንዱ አድርጎ፣ በመጨረሻው ሦስት ጨዋታ ሲሸነፍ፣ የሚመዘነው በየትኛው ነው? በመጨረሻው ብቻ ከሆነ ሚዛኑ አንድ እግር ያለው ወንበር ነው።

በካርዱም ነገር ላይ ጥቂት ልቆይ። ተጫዋች የሚያሰልፈው አሠልጣኙ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን የትኛው ተጫዋች ስንት ካርድ እንዳለበት የሚመዘግብ፣ ከዓለም አቀፉ ማኅበር ጋር የሚጻጻፍ ጽሕፈት ቤት ለምንድን ነው የሚኖረው? ያ ሦስት ነጥብ ያን ጊዜ ባይመለስ ኖሮ የአንድ አገር የዓለም ዋንጫ ተስፋ በቢጫ ወረቀት ምክንያት ይቀር ነበር። የእኛ አገር ሰው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚለው እንዲህ ያለውን ነው። ፌዴሬሽንን ማውረድ ጉባኤ ይጠይቃል፣ ሜዳ መሥራት ገንዘብ ይጠይቃል፣ ሕፃናትን ማሠልጠን አሥር ዓመት ይጠይቃል። አሠልጣኝን ማሰናበት ግን አንድ ደብዳቤ ይበቃዋል።

ከደብዳቤው በኋላ ምን አገኘን? ፖርቱጋላዊው ሚስተር ማርያኖ ባሬቶ በዚያው በ2006 ዓ.ም. ተሾሙ። «ፈረንጅ ከመጣ ይስተካከላል» ያለው ብዙ ነበር። በአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ከአልጄሪያ፣ ከማሊና ከማላዊ ጋር ተመድበን፣ ማሊን በሜዳዋ 3 ለ 2 ያሸነፍንበት አንድ መልካም ቀን ቢኖርም በአራት ነጥብ የምድቡ ጭራ ሆንን። በ2007 ዓ.ም. እርሳቸውም ሄዱ። አቶ ዮሐንስ ሳህሌ ተተኩ፤ በ2008 ዓ.ም. በአልጄሪያ 7 ለ 1 ከተሸነፍን በኋላ እርሳቸውም ተነሡ። ከዚያም አቶ ገብረመድኅን ኃይሌ፣ አቶ አሸናፊ በቀለ፣ አቶ አብርሃም መብራቱ፣ በመጨረሻም አቶ ውበቱ አባተ መጡ። ከአቶ ሰውነት በኋላ እስከ 2013 ዓ.ም. ድረስ ስድስት ስም እቆጥራለሁ። እነዚህ ሁሉ ሰነፎች ነበሩን? አልነበሩም። ነገር ግን እያንዳንዱ ሲመጣ ተጫዋቾቹን ከፊደል ጀምሮ ማጥናት፣ የራሱን አጨዋወት ማስለመድ ነበረበት፤ ተጫዋቹ ሲለምደው ደግሞ አስተማሪው ይለወጣል። እኛ ተማሪዎች ይህን ነገር ከማንም ይልቅ እናውቀዋለን። በዓመት አጋማሽ የሒሳብ መምህር ሲለወጥ ምን ያህል ወደ ኋላ እንደምንቀር የማያስታውስ ካለ እጁን ያውጣ።

ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለስነው በአቶ ውበቱ ጊዜ፣ በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ነው። ከ2005 እስከ 2013 ስምንት ዓመት ሙሉ ጠብቀናል።

አንድ ነገር ደግሞ ይቅር በሉኝና ልጨምር። ትዕግሥት የሚያሳጣን አንዱ ምክንያት ያለፈ ክብራችን ይመስለኛል። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በይድነቃቸው ተሰማ አሠልጣኝነት ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ወስደናል። ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከግርማዊ ንጉሠ ነገሥቱ እጅ ሲቀበል የሚያሳየውን ፎቶግራፍ ያላየ የኳስ ወዳጅ የለም። መልካም ነው፤ ሊኮራበት ይገባል። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የተሾመ አሠልጣኝ ሁሉ ያን ዋንጫ እንደ ድንጋይ በጀርባው ተሸክሞ ነው ሜዳ የሚገባ። ብሔራዊ ቡድናችን ደግሞ ስሙ «ዋልያዎቹ» መሆኑን አትርሱ። ዋልያ የእኛው የስሜን ተራራ እንስሳ ነው፤ ከስሜን በቀር በዓለም ላይ በዱር የትም አይገኝም። ስለዚህ ዋልያዎቹ ሲሸነፉ ዳባትና ደባርቅ ከአዲስ አበባ እኩል ቢያዝኑ አይፈረድባቸውም፤ ይልቁንም የስሙ ባለቤቶች እኛ ነንና ስለ አያያዙ አሳብ መስጠት ይገባናል። ዋልያ ገደል ላይ የሚቆመው እያንዳንዱን እግር ቀስ ብሎ እያሳረፈ ነው እንጂ በየደቂቃው አቅጣጫ እየለወጠ አይደለም።

የአገራችን ገበሬ ይህን ፍርድ ያውቀዋል። መሬቱን ለእኩል አራሽ የሰጠ ሰው ገብሱ ሳያፈራ ቢቀር ወዲያው አራሹን አያባርርም። መጀመሪያ ይጠይቃል። ስንት ጊዜ አረሰው? ዘሩን በወቅቱ ዘራው? አረመው? ወይስ ሁሉን አድርጎ ሳለ ውርጭ መታው፣ በረዶ ወረደበት? በረዶ ከሆነ አራሹን ያጽናናዋል፤ ምናልባትም ዘር ያበድረዋል። ያላረሰ ከሆነ ግን፣ በዚያ ዓመት ዝናቡ አምሮ ጥሩ እህል ቢገባም እንኳ፣ ለከርሞ መሬቱን ለሌላ ይሰጣል። የሁለተኛውን ክፍል ልብ በሉልኝ። አሸንፎም ሊሻር የሚገባው አሠልጣኝ አለ። በዕድል ያሸነፈን እያሞገስን በዕድል የተሸነፈን የምናባርር ከሆነ፣ የምንቀጥረው አሠልጣኝ ሳይሆን ዕድል ነው።

ከውጭ አገርም ብናይ የጀርመኖች ታሪክ ይነበባል። ዮአኪም ሎው በ2006 እ.ኤ.አ. ተሾመው፣ በ2008 በአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ በስፔን ተሸነፉ፤ በ2010 በዓለም ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ አሁንም በስፔን ተሸነፉ፤ በ2012 በአውሮፓ ግማሽ ፍጻሜ በጣልያን ተሸነፉ። ሦስት ጊዜ ከዋንጫ በር ላይ የተመለሰ አሠልጣኝ በእኛ አገር ቢሆን በሦስተኛው ቀርቶ በመጀመሪያው ይሸኝ ነበር። ጀርመኖች ግን ቡድኑ ወጣት መሆኑንና በየጊዜው መሻሻሉን አይተው ጠበቁ፤ በ2014 ብራዚል ላይ ዋንጫውን አነሡ። ነገር ግን መጠበቅ ሁልጊዜ ያተርፋል ማለቴ አይደለም። በ2018 ያው ቡድን ከምድቡ የመጨረሻ ሆኖ ሲወጣ ጀርመኖች አሁንም ሎውን አቆዩ፤ እስከ 2021 ድረስም ያተረፉት ነገር አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሽንፈቶች ቡድኑ ወደ ላይ እየወጣ ነበር፤ በኋለኛው ግን እየወረደ ነበር። እንግዲህ ሊታይ የሚገባው የአንድ ቀን ውጤት ሳይሆን ቡድኑ የሚሄድበት አቅጣጫ ነው።

የፋሲል ከነማ ደጋፊዎች፣ ማለትም የክፍሌ ሦስት አራተኛው፣ አሁን ሊጮኹብኝ ነው። «በ2011 ዓ.ም. ዋንጫው ለጥቂት አምልጦን ለመቀሌ 70 እንደርታ ሄደ፤ አሠልጣኙ ተለወጠ፤ በ2013 ዓ.ም. በአዲሱ አሠልጣኝ በአቶ ሥዩም ከበደ ዋንጫውን ወሰድን፤ ታዲያ መለወጥ አልጠቀመምን?» ይሉኛል። ጥሩ ምሳሌ ነው፤ እኔም ፋሲል ነኝና በዚያ ዋንጫ ከማንም ያነሰ አልተደሰትሁም። ነገር ግን ሁለት ነገር ልበል። አቶ ሥዩም የተረከቡት የፈረሰ ቡድን አልነበረም፤ ያሬድ ባየህን፣ ሱራፌል ዳኛቸውን የመሳሰሉት የቡድኑ ምሰሶዎች በሁለቱም ዘመን ነበሩ። ክለቡ የለወጠው አንድ ሰው ነው እንጂ ቤቱን አላፈረሰም። ሁለተኛው ነገር ደግሞ የሚያስቅ ነው። በ2011 ዋንጫ ያመለጠው የፋሲል አሠልጣኝ ማን ነበር? አቶ ውበቱ አባተ! ፋሲል ዋንጫ ባነሣበት በዚያው በ2013 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ከስምንት ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የመለሱት እኒያው ዋንጫ ለጥቂት ያመለጣቸው ሰው ናቸው። በዋንጫ ማጣት ብቻ ሰውን የሚመዝን ቢሆን ኖሮ ብሔራዊ ቡድኑ ለእርሳቸው አይሰጥም ነበር።

በአቶ ውበቱ ጊዜ የሆነውን ሌላ ነገር አይቼ ነው ደግሞ የአሠልጣኝ ክርክር ብቻውን የማይበቃ መሆኑን የተረዳሁት። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፍን። በማጣሪያ ግጥሚያ ግብፅን ማሸነፍ ምን ማለት እንደ ሆነ ለአባቶቻችን መንገር አያስፈልግም። ጨዋታው በሕጉ የእኛ የሜዳ ጨዋታ ነበር። የተደረገው ግን የት ነው? ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ከተማ! የአፍሪካ እግር ኳስ ማኅበር የሚጠይቀውን መመዘኛ የሚያሟላ ሜዳ በአገራችን ስላልነበረ፣ ዋልያዎቹ በራሳቸው ሕዝብ ፊት ሊጫወቱት የሚገባውን ጨዋታ በዚያ ጊዜ በሰው አገር ይጫወቱ ነበር። ሕዝቡ በሜዳው ቢኖር ምን ያህል ኃይል ይሆን እንደ ነበር አስቡት። በዚህ ሁኔታ ለሚሸነፍ ጨዋታ ተጠያቂው አሠልጣኙ ነውን? በኋላ ማጣሪያው አልሳካ ሲልና አቶ ውበቱም በ2015 ዓ.ም. ኃላፊነታቸውን ሲለቁ፣ ሜዳው ግን አሁንም አልተሠራም ነበር።

እስካሁን ስለ ትልልቆቹ ተናገርሁ፤ አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። የጻፍሁትም በዋናው ለዚሁ ነው።

ባለፈው ዓመት በተደረገው የትምህርት ቤቶች ውድድር የእኛው ቡድን ከአጎራባች ወረዳ ቡድን ጋር ተጫውቶ፣ አንድ ለአንድ ከወጣ በኋላ በፍጹም ቅጣት ምት መሸነፉን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በሳምንቱ ከክፍል ክፍል አንድ ወረቀት ዞረ። «ቡድናችንን የሚያሠለጥኑት መምህር ይለወጡልን» የሚል ነው። ብዙ ተማሪ ፈረመ። እኔ አልፈረምሁም፤ ያልፈረምሁበትን ምክንያት ለጠየቁኝ ሁሉ በቃል ከመመለስ እዚህ ብጽፈው ይሻላል።

ወረቀቱ መምህሩ ምን እንዳጎደሉ አንድ ቃል አይናገርም። የሚናገረው መሸነፋችንን ብቻ ነው። መምህሩ ያለ አንዳች ክፍያ ከሰዓት በኋላ ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ሜዳ እንደሚወርዱ፣ በዚያ ብርድና ነፋስ ውስጥ እስኪጨልም እንደሚቆሙ አይናገርም። ለሃያ ሁለት ተጫዋች ያለን ኳስ ሁለት መሆኑን፣ ከሁለቱም አንዱ አየር እንደማይዝ አይናገርም። ሜዳችን ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ በመሆኑ ግማሹ ቡድን ሽቅብ፣ ግማሹ ቁልቁል እንደሚጫወት፣ ክረምት ሲገባም ከብት እንደሚግጥበት አይናገርም። ከሁሉ የከፋው ግን ይህ ነው። ውድድሩ የደረሰው በአጨዳ ወቅት ስለ ነበር ከመጀመሪያዎቹ አሥራ አንድ ተሰላፊዎች አራቱ ሦስት ሳምንት ሙሉ ልምምድ አልመጡም። ወላጆች ይቅር ይበሉኝ፤ ማጨድ እንደሚያስፈልግ አውቃለሁ፤ እኔም አጭጃለሁ። ነገር ግን ልጁን ለልምምድ ያልለቀቀ አባት ቡድኑ ሲሸነፍ «አሠልጣኙ ደካማ ነው» ቢል ያስኬዳልን? ወይስ ልምምድ ያልመጣው ጓደኛዬ ራሱ ከፊርማው አናት ላይ መገኘቱ?

በመምህሩም በኩል ሊጠየቅ የሚገባው ነገር የለም አልልም። አለ። ፍጹም ቅጣት ምት ማን በምን ተራ እንደሚመታ አስቀድሞ አልተወሰነም ነበርና፣ በዚያች ሰዓት ተጫዋቾቹ እርስ በርሳቸው «አንተ ምታ፣ አንተ ምታ» ሲባባሉ አይተናል። በልምምድም ጊዜ ከአንድ ቀን በላይ አልተለማመድነውም ሲሉ ተጫዋቾቹ ነግረውኛል። ሁለት ተጠባባቂዎች እየደከሙ የሄዱትን መሀል ተጫዋቾች መተካት ሲችሉ እስከ መጨረሻው ተቀምጠዋል። እነዚህ እውነተኛ ጥያቄዎች ናቸው። ወረቀቱ ላይ ቢጻፉ ኖሮ እኔም ስሜን ባኖርሁ ነበር።

የፊርማው ወረቀት እስከ ዛሬ በስፖርት ክበቡ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ አልተቀደደም፣ አልተወሰነበትምም። በያዝነው ዓመት ውድድር ሊጀመር የቀረው ጥቂት ሳምንት ነው። ክበቡ ከዚያ በፊት ይሰብሰብ። መምህሩም ይጠሩና ስለ ቅጣት ምቱና ስለ ተጠባባቂዎቹ ይጠየቁ፤ እኛም በተራችን ስለ ኳሱ፣ ስለ ሜዳውና ከልምምድ ስለ ቀሩት አራቱ እንጠየቅ። ሁሉም መልሱን በጓደኞቹ ፊት ይስጥ፤ ከዚያ በኋላ እጅ ይውጣ። በዚያ ስብሰባ ሁሉን ሰምተን ስናበቃ አብዛኛው ተማሪ «መምህሩ ይለወጡ» የሚል ከሆነ ወረቀቱን ወደ ዳይሬክተሩ ጽሕፈት ቤት የሚወስድ ሰው መፈለግ አያስፈልግም፤ እኔ እወስደዋለሁ።